የቸርኬው ጥቁር ብናኝ ምን ይነግረናል?

በየአጥቢያችን ካሉት ቤተሰቦች መካከል እንጀራቸው ከከባድ መኪና መሪ ጋር የተያያዘ ጥቂት አይደሉም። አባወራው ተሳቢ እየጎተተ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲመላለስ፣ ወይም ጭነት ይዞ ዓባይን ሲሻገር ባለቤቱ ቤት ሆና ቀን ትቆጥራለች። ሲመለስ የመኪናው ቸርኬ ጥቁር ብናኝ ለብሷል፤ ልብሱም ከዚያው ብናኝ ድርሻውን ይዟል። ብዙዎቻችን “የመንገድ አቧራ ነው” ብለን እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ ያ ጥቁር ነገር አብዛኛው የፍሬን ብናኝ ነው። ለባለትዳሮች ሊነግራቸው የሚገባ ሁለት ቁም ነገርም አለው፤ አንዱ የመንገዱን ደኅንነት፣ ሌላው የቤቱን ጤና ይመለከታል።

ብናኙ ከየት ይመጣል?

ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ይፋተጋል። በዚህ ሰበቃ መኪናው የነበረው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሸራውም ብረቱም በጥቂት በጥቂቱ ይላጣሉ። የሚላጠው ሸራና የብረት ዱቄት ነው ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው። ብረቱ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚዝግ ብናኙ ውሎ ሲያድር ወደ ቡኒ ያደላል፣ ተጣብቆም አልለቅም ይላል።

ጭነት ሲከብድ ሙቀቱም ብናኙም ይጨምራል። ምን ያህል? መኪናው፣ ተሳቢውና ጭነቱ በአንድነት 40 ቶን ቢመዝኑና ከፍታው 1,000 ሜትር የሆነ ቁልቁለት ቢወርዱ፣ በመንገድ ላይ መወገድ ያለበት ኃይል ከ50 ጀሪካን በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል፤ ያውም ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ማለቴ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳል። ይህን ሁሉ እሳት ሸራው ብቻውን እንዲሸከም ከተተወ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሹፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይሰማውም። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ ማርሽ ውስጥ ገብቶ በሞተር ፍሬን መውረድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተሳቢው ድርሻውን ይዟል ወይ?

ተሳቢ የራሱ ፍሬን አለው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የታመቀ አየር በቱቦ አልፎ የተሳቢውንም ጎማዎች ይይዛል። ነገር ግን የተሳቢው ሸራ አልቆ ከሆነ፣ ማስተካከያው ከላላ ወይም አየር የሚያፈስ ቱቦ ካለ፣ ተሳቢው የራሱን ድርሻ ትቶ የፊተኛውን መኪና ይገፋል። ያን ጊዜ የሁለቱን ሥራ የሚሠራው ጎታቹ ነው። ሸራው ቶሎ ያልቃል፣ ጎማዎቹ ይግላሉ፣ ብናኙም ይበዛል።

በአሜሪካ የሚኖሩ፣ በፒክአፕ ተሳቢ የሚጎትቱ ወገኖቻችንም ይህንኑ ያዩታል። እዚያ ብዙዎቹ ተሳቢዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሬን አላቸው፤ ልኩን የሚያስተካክለው መሣሪያ ከሹፌሩ አጠገብ ነው። ልኩ ዝቅ ብሎ ከተተወ የማቆሙ ሸክም በፒክአፑ ላይ ያርፋል፣ የፊት ቸርኬዎቹም ገና ታጥበው ሳይቆዩ ይጠቁራሉ። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ የፊት ጎማ ከኋላው ትንሽ ጠቆር ማለቱ በራሱ ችግር አይደለም። ከቀድሞው ጉዞ በግልጽ ከበለጠ ግን ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

እንግዲህ ምን እንመልከት?

አንደኛ፣ የግራውን ጎማ ከቀኙ ጋር እናወዳድር። በአንድ አክስል ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች ተመሳሳይ ብናኝ ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ያ ፍሬን ሳይለቅ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጓደኛው አልሠራ ብሎ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ብናኙ ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? እንደ ጭቃ የረጠበና ቅባት ያለው ከሆነ ከጎማው ውስጥ ዘይት ወይም ግራሶ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሸራ ዘይት ከነካው አይዝም፤ ጉዞ ከመቀጠል በፊት መካኒክ ይየው።

ሦስተኛ፣ መኪናው ሲቆም ሙቀቱን እናነጻጽር። ብረቱን ሳይነኩ የእጅን ጀርባ ጠጋ ማድረግ ይበቃል። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ጎማ ፍሬኑ አልለቀቀም፤ ከሁሉ የቀዘቀዘው ደግሞ ሥራውን አልሠራም። በጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ብዙዎቹ ከባድ መኪኖች ፍሬናቸው በታምቡር ውስጥ የተሸፈነ ነው። ብናኙ በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ስለሚጠራቀም የቸርኬው መንጻት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ታምቡሩ በየጊዜው ተከፍቶ ሸራው መለካት አለበት።

ብናኙን ወደ ቤት አናስገባው

እህቴ ሆይ፣ ይህ ክፍል በተለይ ላንቺ ነው። ለብዙ ዘመን የፍሬን ሸራ ሙቀት እንዲችል አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ይገባበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር ያመጣል፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከልክሎታል። አንድ ሸራ አስቤስቶስ ይኑረው አይኑረው ግን በዓይን አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ1965 በለንደን የወጣ አንድ ጥናት በአስቤስቶስ ከሚመጣው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከታመሙት መካከል ማዕድኑን በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሚስቶችን አግኝቷል። ሥራቸው የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ማጠብ ነበር። እነዚያ ባሎች በአስቤስቶስ ሥራ ላይ የዋሉ ናቸው፤ የሹፌር ልብስ ያን ያህል አይሸከም ይሆናል። ሆኖም ጥንቃቄው ቀላል ስለሆነ ለምን ይቀራል?

ባልሽ ፍሬን ነክቶ ከመጣ ቱታውን በር ላይ ያውልቅ፣ ልጆቹን ከማቀፉም በፊት ይታጠብ። ልብሱን አታራግፊው፤ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ ከልጆች ልብስ ለይተሽ እጠቢው።

ወንድሜ፣ አንተም ቸርኬ ስታጠብ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በውሃና በሳሙና ይሁን፤ በደረቅ ብሩሽ ወይም በደረቅ ጨርቅ አይጠረግ። በየጋራዡ የሚደረገው፣ የታምቡሩን ብናኝ በኮምፕሬሰር ንፋስ ማስወጣት፣ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ደቃቁን አየር ላይ በትኖ ሁሉም እንዲስበው ያደርጋል። በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ፣ ጨርቁም እርጥብ እንደ ሆነ በላስቲክ ታስሮ ይጣል። ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ረዳቱ መሆኑን አንርሳ። እርሱም የአንዲት እናት ልጅ ነው፤ ለራሳችሁ የምትሳሱትን ያህል ለእርሱም ሳሱለት።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከጉዞ በፊት ስንቅና ልብስ ስታሰናዱ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ “የተሳቢው ፍሬን ታይቷል?” መልሱ “አልታየም” ከሆነ ጭነቱ ግማሽ ቀን ቢዘገይ ይሻላል። ቤት የሚጠብቀው ጭነቱን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።