ፊርማ ከንባብ በኋላ

«ደራሲው ጽፎ የጨረሰውን የፓይዘን ጥቅል ሌላ ሰው ደግሞ ለምን ይመረምረዋል? በአንዲት ትእዛዝ ከፓይፒአይ ማውረድ እየተቻለ፣ ፌዶራንና ዴቢያንን ወደመሳሰሉ የሊኑክስ ሥርጭቶች ለማስገባት ሳምንታት መጠበቅ ቢሮክራሲ አይደለምን?» ይሉናል። አይደለም!

በባንክ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ይህን ክርክር እናውቀዋለን። ሰነዱን ያዘጋጀ እጅ ራሱ አያጸድቀውም። ይህ ሥርዓት የቆመው ሠራተኛው ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ የራሱን ስሕተት አጥርቶ የሚያይ ዓይን ስለሌለ ነው። በፌዶራም ጥቅሉን ያዘጋጀ ሰው ለገዛ ሥራው ይለፍ አይሰጥም። ሌላ ገምጋሚ ፈቃዱን ያነብባል፤ የምንጭ ኮዱ ከደራሲው እጅ ከወጣው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክራል፤ ከኢንተርኔት በተቋረጠ ንጹሕ አካባቢ እንደገና ይገነባዋል፤ ስሙንም ይመረምራል።

ስም ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የተጋለጠውን ያስታውስ። ሥርጭቶቹ ዴትዩቲል የተባለውን ታዋቂ ጥቅል «ፓይዘን3-ዴትዩቲል» ብለው ያከፋፍሉታል። አንድ አጭበርባሪ ይህንኑ ስም ወስዶ በፓይፒአይ ላይ የራሱን ጥቅል ሰቀለ። «ጄሊፊሽ» ለተባለው ጥቅል ደግሞ የመጀመሪያውን ትንሽ «ኤል» በትልቁ «አይ» ተክቶ፣ ቸኩሎ ለሚያነብ የማይለይ መንትያ አበጀለት። መንትያው የተጠቃሚዎችን ምስጢራዊ ቁልፎች ይሰርቅ ነበር፤ አንድ ዓመት ያህልም ሳይነቃበት ተቀመጠ። በዚያ በር ላይ የቆመ ገምጋሚ አልነበረምና።

እ.ኤ.አ. በ2024 በኤክስዜድ ውስጥ የተገኘውን ስውር በር የሚጠቅሱ አሉ። እውነት ነው፤ ፓይዘን ባይሆንም ሥርጭቶቹን ሾልኮ ገብቷል። ይሁንና በፌዶራ ግምገማው የሚካሄደው በመግቢያው አንድ ጊዜ ነው፤ በኋላ የሚመጣ እትም ሁሉ እንደገና አይገመገምም። እንግዲህ ጉድለቱ የንባብ መብዛት ነው ወይስ ማነስ? ያንን ጉድ ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ እንኳ የግማሽ ሰከንድ መዘግየትን ዝም ብሎ ያላለፈ ሰው ነበር።

ይልቅስ ቁጣችን ሊያርፍበት የሚገባው «አርፒኤምሊንት ስሕተት አላገኘም» ብሎ፣ አንድ መስመር ሳያነብ በሚያጸድቅ ገምጋሚ ላይ ነው። መሣሪያው የጥቅሉን ቅርጽ ይፈትሻል እንጂ የደራሲውን ሐሳብ አይመዝንም። ሳያነብ የሚፈርም ገምጋሚ ካለመኖሩ ይከፋል፤ ያላየውን አየሁ ብሎ ይመሰክራልና።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰው ምስጢራዊ ቁልፍ ሲሆን ግን አይለቀምም።