ስለ ልጆቻችን የቤት ውሎ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ትምህርት ቤቶች ለክረምት ሊዘጉ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለ ቀሩ፣ እንደ እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉትን ወላጆች ሁሉ በሚያሳስብ አንድ ጉዳይ ላይ ሐሳቤን እንድገልጽ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩም እኛ ቢሮ በምንውልበት ጊዜ ልጆቻችን ቤት ውስጥ ምን ሲሠሩ ይውላሉ የሚለው ነው። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስልክና ቴሌቪዥን ሲያዩ ይውላሉ።

ይህ ነገር በሻይ ሰዓት በተነሣ ቁጥር አንዳንዱ ልጆቹን፣ ሌላውም ስልኩን ይወቅሳል። በእኔ አስተያየት ግን ስልክ ወደ ልጆቻችን እጅ የገባው ባዶ ቦታ አግኝቶ ነው። ያ ቦታ ቀድሞ የሠፈሩ፣ የጎረቤቱና የቤቱ ሥራ ነበር። ስለዚህ ስልኩን መቀማት ብቻውን መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ቦታውን የሚሞላ ነገር መመለስ አለበት። ለዚህም ነገሩ እንዴት እንደ መጣ ማየት ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር መሣሪያው ያለው ቤት እጅግ ጥቂት ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የአንድ ቤት ቴሌቪዥን የጎረቤት ልጆች ሁሉ መሰብሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት፣ ልጆች ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሚሏቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ያወሩት በዚሁ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የልጆቹ ዝግጅት የተወሰነ ሰዓት ነበረው፤ ተጀምሮ ያልቃል። ሲያልቅም ልጁ ወደ ደጅ ወጥቶ የሰማውን ለጓደኞቹ ይደግመዋል። ዛሬ በስልክ የሚታየው ማለቂያ የለውም፤ አንዱ ሲፈጸም ሌላው ሳይጠሩት ይከተላል። ልጁም የሚያየው ብቻውን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአኗኗራችን መለወጥ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ብዙ ሠራተኛ ከኪራይ አውጥቶ ባለቤት አድርጎታል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከግቢ ወጥተን አራተኛ ፎቅ ስንገባ፣ ልጁን በደጃፏ ሆና እያየች «አንተ ልጅ፣ ተው!» የምትለው ጎረቤት ከታች ቀረች። በሕንፃዎቹ መካከል የነበረውም ሜዳ በብዙ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆነ።

ሦስተኛው የኮሮና በሽታ ያመጣው ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በተወሰነ ጊዜ፣ በከተማችን ብዙ ትምህርት ቤቶች መልመጃውን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ስልክ በዚያን ጊዜ በየቤቱ የገባው መምህር ተብሎ ነው። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መምህሩ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ስልኩ ግን እቤት ቀረ።

አራተኛውን መናገር ደስ ባይልም መታለፍ የለበትም። ልጆቻችንን የምትጠብቀው የቤት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ራሷ ገና ልጅ እግር ናት። ልብሱን እንድታጥብ፣ ወጡን እንድትሠራ፣ ቤቱንም እንድታጸዳ አዝዘናት ሦስት ልጆች ጨምረንባት እንሄዳለን። ልጆቹን ዝም የሚያሰኝላትን ነገር ብትሰጣቸው እንዴት ሊፈረድባት ይችላል?

ጉዳቱን በተመለከተ የዓለም የጤና ድርጅት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ምንም ባያይ ይመረጣል፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን ሊያንቀሳቅስ ይገባል። ሕፃኑ በሚቀመጥበት ጊዜ ምን ቢደረግለት እንደሚሻል መመሪያው ሲገልጽ፣ አሳዳጊው መጽሐፍ ያንብብለት፣ ተረትም ይንገረው ይላል። አያቶቻችን ያለ መመሪያ ሲያደርጉት የነበረውን ማለት ነው!

በእኛ ከተማ ግን ሌላም ጉዳት አለ። ከስልክ እንግሊዝኛ ለቅሞ በአማርኛ ውኃ መጠየቅ የሚቸግረው ልጅ ዛሬ በየሕንፃው ይገኛል። ወላጆቹ መጀመሪያ ይደሰታሉ፤ እንግዳ ሲመጣም «ተናገር እስቲ» ይሉታል። አያቱ ከገጠር በመጡ ጊዜ ግን በአስተርጓሚ ያነጋግራቸዋል። የውጭ ቋንቋ ማወቅ መልካም ነው፤ ከአያቱ ጋር መነጋገር የማይችል ልጅ ግን ምን ያህል እንደ ከሠረ የሚገባው ካደገ በኋላ ነው።

ሌሎች አገሮች ነገሩን በሕግ ይዘውታል። አውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በማኅበራዊ መገናኛዎች መዝገብ እንዳይከፍቱ የሚከለክል ሕግ በኅዳር 2017 ዓ.ም. አውጥታ፣ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውላዋለች። ኃላፊነቱንም የጣለችው በልጁና በወላጁ ላይ ሳይሆን በኩባንያዎቹ ላይ ነው። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ሕግ መዝገቡን ሊዘጋ ቢችልም፣ ልጁ ከሰዓት በኋላ ምን እየሠራ እንደሚያመሽ ሊወስንለት አይችልም። ያ የእኛ ፈንታ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ልጅ የቤት ሥራ ድርሻ ይኑረው እላለሁ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለራት ባይበቃም ልጁን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ይይዘዋል። የአምስት ዓመት ልጅ ምስር ይለቅማል፤ የስምንት ዓመቱ ጫማ ይጠርጋል፤ የአሥር ዓመቱ ቡና አፍልቶ ያቀርባል። ወንዱም እንደ ሴቷ ይሥራ። በእርግጥ ምስሩ ይፈሳል፤ እኛም በችኮላ «ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ» ብለን እንቀማዋለን። ስልኩን እጁ ላይ የምናስቀምጠው በዚያች ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ውድ መጫወቻ መግዛት አያስፈልግም። ሠላሳ እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ላይ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉም ስድስት ጉድጓድ ቆርጦ ሽምብራ ቢጨምሩበት ገበጣ ይሆናል። ልጁ ሲጫወት ሳያውቀው መቁጠርና መደመር ይለማመዳል። ክረምቱ ራሱም የሥራ ቀን መቁጠሪያ አለው። ነሐሴ 13 ቀን ለሚውለው ቡሄ ጅራፍ ይገመዳል፤ ሴቶች ልጆች ለአበባየሆሽ ዘፈን ያጠናሉ፤ ወንዶቹም በእንቁጣጣሽ ጧት ለየጎረቤቱ የሚያድሉትን ሥዕል ነሐሴን ሙሉ ይሥላሉ። ታዲያ ልጆቹ ይህን ሁሉ አዘጋጅተው ሲመጡ የሕንፃው ዘበኛ ከበር እንዲመልሳቸው የምናዝ እኛው ነን።

ሦስተኛውና ዋናው ጓደኛ ነው። በምኖርበት ሕንፃ ስድስት ወላጆች ተስማምተን ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሞከርነውን ልግለጽ። ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት መኪኖች በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ በዚያ ሰዓት ቤት የሚገኝ አንድ ትልቅ ሰው በተራ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ ልጆቹም ይወርዳሉ። በመጀመሪያው ሳምንት «ምን እንጫወት?» እያሉ ቆመው ቀሩ። ከምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ናቸው ቅልብልቦሽና ሰኞ ማክሰኞ ያሳዩአቸው። አሁን ዝናብ ሲጥል ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ። የጎረቤት መስኮት ተሰብሮ አዋጥተን አስጠግነናል፤ ስለ ጩኸቱም ቅሬታ የሚያቀርቡ አሉ። ልጆቹም ስልክ መጠየቃቸውን አልተዉም። ነገር ግን ከ10 ሰዓት በፊት የሚጠይቁት ሰዓት ስንት እንደ ሆነ ነው። ለካ መብራት ጠፍቶ ዋይፋይ በሚቋረጥበት ምሽት ደረጃው በልጆች ድምፅ ይሞላ የነበረው፣ መጫወቱን ስላልረሱት ኖሯል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። የነዋሪዎች ማኅበራት በስብሰባቸው ስለ ውኃና ስለ ጥበቃ ክፍያ እንደሚነጋገሩት ሁሉ፣ በቀን ለሁለት ሰዓት ስለሚሆን የልጆች ሜዳ ይነጋገሩ። አንዳንድ ቦታ ለንግድ ወይም ለዕቃ ማከማቻ የተከራየው የጋራ መጠቀሚያ ቤትም፣ በክረምት ወራት አንዱ ክፍሉ ለልጆች ይለቀቅ። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንዲሁ በስም ከማወቅ ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን ብንሄድ ይሻላል። መሥሪያ ቤቶችም ለጨቅላ ሕፃናት ማቆያ እንዳዘጋጁ ሁሉ፣ ከፍ ላሉት ልጆች የክረምት ማዋያ የሚሆን አንድ አዳራሽ ቢያስቡበት የሠራተኛው ልብ ከሥራው ጋር ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን እኛ ወላጆች ማታ ቤት ስንገባ የራሳችንን ስልክ ከመሶቡ አጠገብ እናርቅ። ልጅ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ለመመለስ፣ የሚጀምርለት ሰው ያስፈልገዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ