ሥራ በችሎታ ወይስ በዘመድ?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ስለሚፈጸመው የሥራ ቅጥር ያለኝን አሳብ በዚህ ዓምድ እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ጉዳዩ ሁላችንንም የሚነካ ሲሆን፣ ይልቁንም የመንግሥትን እንጀራ የምንበላ ሰዎች ከማንም ይበልጥ ልናስብበት የሚገባ ነው።

እገሌ በወረዳው ተቀጠረ ሲባል «ምን ተምሮ?» የሚል ጠያቂ ጠፍቶ፣ «ማን አለው?» ወይም «ስንት ከፈለ?» የሚል በዝቷል። ከዚያም ከተቀመጡት መካከል አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ድሮ እኮ ልጅ በሥርዓት ያድግ ነበር» ይላሉ፤ ሁሉም «እውነት ነው» ብሎ ወደየቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን ነገሩ በዚህ መቆም የለበትም እላለሁ።

በመጀመሪያ ችግሩ የሕግ እጦት አለመሆኑን እንመልከት። የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የሙስና ወንጀሎችን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 881 በ2007 ዓ.ም. ወጣ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም ሆነ በ2017 ዓ.ም. የተተካበት አዲሱ አዋጅ፣ ቅጥር በችሎታና በውድድር እንዲሆን ያዛሉ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰባት አባላት ያሉት የፀረ ሙስና ብሔራዊ ኮሚቴ ተሰይሟል። እንግዲህ ሕግም፣ ኮሚሽንም፣ ኮሚቴም አልጎደለም።

ታዲያ ሕጉ ሳይሻር የሚታለፈው እንዴት ነው? ማስታወቂያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ባለ ሰሌዳ ይለጠፍና ሰኞ ከመምሸቱ በፊት ይነቀላል። ተፈላጊው ችሎታ አስቀድሞ የታሰበው ሰው የትምህርት ማስረጃ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እንደ ልብስ በልኩ ይሰፋል። «ለሦስት ወር ብቻ» ተብሎ ያለ ውድድር የገባው ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ዓመት ሲሞላው ቋሚ ይሆናል። ይህም ሁሉ ካልበቃ በጽሑፍ ፈተና የታጣው ነጥብ በቃል ፈተና ይሞላል። በየቦታው ሁሉ እንዲህ ይደረጋል ማለቴ አይደለም፤ በቅን የሚሠሩ ብዙዎች መኖራቸውን አውቃለሁ።

ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ በአንድ ወረዳ ተወዳድሮ በጽሑፍ ፈተና አንደኛ ከወጣ በኋላ፣ በቃል ፈተና ወድቀሃል ተባለ። ውጤቱን እንዲያሳዩት በትሕትና ቢጠይቅ፣ ኃላፊው ተቆጥተው «አሳዳጊ የበደለህ!» ብለው ከቢሮ አስወጡት። ያ ልጅ ከመልካም ቤተሰብ የተወለደ ጨዋ ነው፤ በደሉ የራሱን ውጤት መጠየቁ ብቻ ነበር።

ይህ ነገር ስለ አስተዳደጋችን ደጋግሜ እንዳስብ አደረገኝ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያስተማሩን ነገር ሁለት ወገን አለው። በአንድ ወገን፣ ልጅ የሰው ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ቢገባ እየተገረፈ ወስዶ ይመልስ ነበር፤ ያጠፋ ልጅ ደግሞ በጎረቤትም ይቀጣ ነበር። እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወድቆ የተገኘ እርሳስ እንኳ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር እንጂ ማንም ወደ ኪሱ አይከተውም። በሌላው ወገን ግን ታላቅን አትጠይቅ፣ ዘመድን አትመልስ ተብለን አድገናል። ዛሬ የመጀመሪያው ተረስቶ ሁለተኛው ቀርቶልናል።

የአንድን የወረዳ ኃላፊ ኑሮ እናስብ። የአክስቱ ልጅ ደጁ ላይ ቆሟል፤ እናቱ ከገጠር መልእክት ልከውበታል። እምቢ ቢል በለቅሶና በሠርግ ላይ «ወገኑን የካደ» እየተባለ ይነቀፋል። የማያውቀውን ብልጫ ያለውን ተወዳዳሪ ቢጥል ግን የሚነቅፈው የለም። ስለዚህ ይሉኝታ ባይጠፋም፣ መቆም በማይገባው ወገን ቆሟል ማለት ነው።

ድሮን ስናመሰግንም በልክ ይሁን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያወረሱን እነዚያው አባቶች ናቸው። ነቢዩ ሳሙኤል በንጽሕና የፈረደ ሰው ሲሆን፣ ልጆቹ ግን ጉቦ እየበሉ ፍርድ አጣመሙ። መልካም አባት ብቻውን መልካም ዳኛ አያወጣም፤ ሥርዓትም ያስፈልጋል።

በእኔ አስተያየት ቢደረግ የሚበጀው ይህ ነው። የፈተናው ወረቀት እንደ ብሔራዊ ፈተና በስም ሳይሆን በቁጥር ይታረም። የጽሑፉና የቃሉ ውጤት ጎን ለጎን ሆኖ ለሁሉ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ። የቃል ፈተናውን ከሌላ ወረዳ የመጡ ሰዎች ይስጡ። ኃላፊው ዘመዱ በሚወዳደርበት ቅጥር እንዳይገባ ይከልከል፤ ያን ጊዜ ለአክስቱ «ሕግ ከለከለኝ» የሚል የማያሳፍር መልስ ያገኛል።

የቀረው በቤትና በትምህርት ቤት የሚሠራ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ፣ ከ896 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውጤቱ ምክንያት አንድ ብቻ ባይሆንም፣ እኛ መምህራንና ወላጆች ልናፍርበት የሚገባ ነው። ለልጁ የፈተና መልስ የሚፈልግ አባት፣ ነገ ደግሞ የሥራ ቦታ ሊገዛለት ይወጣል። ልጆቻችንን ለታላቅ እንዲነሡ እናስተምራቸው፤ መብታቸውን በትሕትና መጠየቅ ግን ብልግና አለመሆኑን ጨምረን እንንገራቸው።

በየጽሕፈት ቤቱ የቅጥር ኮሚቴ አባል የሆናችሁ አንባቢያን፣ ሥራውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁና የተሻለ መላ ካላችሁ በዚሁ ዓምድ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር