ዌብሳይቱ አልተበላሸም፤ ርክክቡ ነው የተበላሸው

በቅርቡ አንድ የመረዳጃ ማኅበር «ዌብሳይታችን አልታዘዝ አለን» ብሎ ጠራኝ። ለአንድ አባል የኩላሊት እጥበት ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው። የባንክ ሒሳባቸው ተቀይሯል። አዲሱን ቁጥር የያዘውን ገጽ በኤፍቲፒ ጭነዋል፤ ፕሮግራሙም «ተሳክቷል» ብሏቸዋል። ዌብሳይቱ ላይ የሚታየው ግን ያው የተዘጋው ሒሳብ ነው። መላክ የፈለገ ሰው እየሞከረ፣ አልሄድ ሲለው እየተወው ቀረ።

ዌብሳይቱን የሠራላቸውን ልጅ ጠየቁት። «ካሹን አጥፉት» አላቸው። አጠፉት፤ ለውጥ የለም። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ነገሩ የካሽ አልነበረም። ሼርድ ሆስቲንግ ማለት ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ነው። እያንዳንዱ ዶሜይን የሚነበብበት የራሱ ፎልደር አለው። የኤፍቲፒ አካውንትም የራሱ መግቢያ ፎልደር አለው። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ግን ማንም አያረጋግጥላችሁም። ሲፓነል ላይ አዲስ የኤፍቲፒ አካውንት ስትከፍቱ፣ ቦታውን ካልቀየራችሁ በአካውንቱ ስም የተሰየመ ሌላ ፎልደር ይሰጣችኋል፤ ከዚያ በላይ ያለውንም አያሳያችሁም። ማኅበሩ የተሰጠው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ነበር። እንግዳው የሚገባው ሳሎን፣ እነሱ ወንበር የሚደረድሩት ዕቃ ቤት!

ይህን ማጣራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ቃል የተጻፈበት ትንሽ ፋይል በኤፍቲፒ ጫኑ። ከዚያ ብራውዘር ላይ የዌብሳይቱን አድራሻ፣ እዝባርና የፋይሉን ስም ጻፉ። ከመጣ ቦታው ትክክል ነው። «አልተገኘም» ካለ ወይ የተሳሳተ ፎልደር ውስጥ ናችሁ፣ ወይ ዶሜይኑ የሚያመለክተው ሌላ ሰርቨር ነው። መጀመሪያ ሲፓነል ገብታችሁ የዶሜይኑ «ዶክዩመንት ሩት» የትኛው ፎልደር እንደሆነ እዩ፤ የኤፍቲፒውን መግቢያ ወደዚያው አዙሩት።

ታዲያ ማኅበሩ ይህን ለምን አላደረገም? የሲፓነሉ ፓስወርድ ስለሌለው! ዶሜይኑም የተመዘገበው በልጁ የግል ኢሜይል ነው። በየዓመቱ የሚከፍለው ማኅበሩ፣ ቁልፉን የያዘው ሌላ ሰው። ልጁን ፈልጎ ማግኘት አሥራ አንድ ቀን ወሰደ። ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ።

በልጁ ላይ ብቻ አልፈርድም። «እኛ ኮምፒውተር አናውቅም» እያሉ የሚፈርሙ ኃላፊዎችም ተጠያቂ ናቸው። መኪና መንዳት የማይችል ሰው እኮ ሊብሬውን በሹፌሩ ስም አያወጣም። «ባለሙያውን ካላመንን እንዴት እንሠራለን?» የሚል አይጠፋም። እምነት ሌላ፣ ርክክብ ሌላ። የታመነ ሰውም ይታመማል፣ አገር ይለቃል፣ ይሞታል።

የማኅበር፣ የትምህርት ቤት፣ የዕድር ኃላፊ የሆናችሁ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ዶሜይኑ በማን ስም ነው? የሲፓነሉ ፓስወርድ በማን እጅ ነው? ዌብሳይቱ የሚነበበው ከየትኛው ፎልደር ነው? መልሱ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁና ራሳችሁ ገብታችሁ ሳትሞክሩት የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ። ለከፈላችሁበት ቤት ቁልፍ መጠየቅ ባለሙያውን መናቅ አይደለም።