አስታማሚ ስትመርጡ ገበያ መውጣት የሚችለውን ምረጡ

 

ባለፈው ሰሞን ስታዲየም አካባቢ ወደሚገኘው ክሊኒካችን አንድ ቤተሰብ መጣ። አባት ለሕክምና ወደ ሕንድ ሊሄዱ ነው። የሜዲካል ቦርዱ ወረቀት አልቋል፣ ቪዛው ተጀምሯል፣ ገንዘቡም በዘመድ አዝማድ ተሰባስቧል። ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው ስለ ምርመራው፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ምንዛሪው ጠየቁኝ። ሁሉንም አንድ በአንድ ተነጋገርን። በመጨረሻ እኔ በተራዬ ጠየቅኋቸው።

"አብሯቸው የሚሄደው ማነው?"

"ትልቁ ልጃቸው ነዋ ዶክተር! እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው።"

"ምግብ ማብሰልስ ይችላል?"

ሁሉም ሳቁ፤ ልጁም ሳቀ። እናትየው "ኧረ ዶክተር፣ እሱ እኮ ሻይ እንኳን አፍልቶ አያውቅም!" አሉኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ለምን እንዳልሳቅሁ ዛሬ ልንገራችሁ።

🔹 ሐኪሙ አስታማሚ ሲሆን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ እህቴ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ደልሂ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ኩላሊቱን የሚሰጣት ታናሽ ወንድማችን ነው። ቤተሰቡ እኔን ሲመርጥ ማንም አልተከራከረም። ሐኪም ነኝ፤ ቋንቋውን እችላለሁ፤ የላብራቶሪ ውጤት አነባለሁ። እኔም ራሴ "ከእኔ የተሻለ ማን አለ?" ብዬ ነበር።

እዚያ ስደርስ ግን ሐኪም በሽ ነው። የእኔን የሕክምና እውቀት የፈለገው ሰው አልነበረም። የጎደለን ሌላ ነበር። ያረፍነው ኩሽና ያለው የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ከንቅለ ተከላው በፊት ምርመራው ሳምንታት ይወስዳል፤ በእነዚያ ሳምንታት እህቴ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ትሄዳለች፣ ሌላውን ጊዜ ክፍል ውስጥ ናት። የምትበላውን የሚገዛውም የሚያበስለውም እኔ ነኝ። የአካባቢው ምግብ ቅመሙ ከበዳት። ሦስት ቀን ሙሉ ሩዝና ሻይ ብቻ ቀመሰች።

በአራተኛው ቀን አቅራቢያችን ካለ ሱቅ ገባሁ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ሙዝ ገዛሁ። መደርደሪያው ላይ "ሶዲየሙ የቀነሰ፣ ለልብ ተስማሚ" የሚል የታሸገ ጨው አየሁና ደስ አለኝ፤ እህቴ የደም ግፊት አለባት፣ ጨው ቀንሱ ተብለናል። ከሆስፒታሉ በር ላይ ደግሞ የለጋ ኮኮናት ውኃ ይሸጣል፤ "ኃይል ይሰጣል" ሲሉኝ አንድ ገዛሁላት።

በማግስቱ ለዲያሊሲስ ስትገባ የፖታሲየም መጠኗ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ወደ ልብ መመርመሪያው ወሰዷት፤ ዲያሊሲሱንም ቶሎ አስጀመሯት። የአመጋገብ ባለሙያዋ ጠራችኝና በትሕትና "የገዛኸውን ሁሉ ይዘህልኝ ና" አለችኝ። አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኩት። ሙዙ ፖታሲየም ነው። ድንቹና ቲማቲሙም እንደዚያው። የኮኮናቱ ውኃ ፖታሲየም ነው። ያ የተመካሁበት ጨው ደግሞ ሶዲየሙ የቀነሰው በፖታሲየም ክሎራይድ ተተክቶ ነበር።

ጤናማ ኩላሊት ትርፉን ፖታሲየም ያስወግደዋል። የደከመ ኩላሊት ግን ያጠራቅመዋል፤ ሲበዛም የልብን ምት አዛብቶ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ይህን እኔ ለታካሚዎቼ ሳስተምር የኖርኩት ነው። ነገር ግን ዕውቀቴ ክሊኒክ ወንበር ላይ ቀርቶ ነበር እንጂ ዘንቢል ይዞ ሱቅ አልገባም።

🔹 ያስተማሩኝ እናት

ከእኛ ክፍል ጎን ከወሎ የመጡ አንዲት እናት ልጃቸውን ያስታምሙ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ሂንዲም አያውቁም። ግን ከክፍላቸው የሚወጣው ሽታ የእናቴን ቤት ያስታውሰኛል። አንድ ቀን "ልጄ፣ እህትህ እኮ አልበላችም። ና ተከተለኝ" ብለው ገበያ ይዘውኝ ወጡ።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። ከአገር ቤት ሲነሱ ከየቅመሙ ትንሽ ትንሽ በላስቲክ ቋጥረው ይዘዋል። ባለሱቁን ያሳዩታል፤ እሱ አሽትቶ ስሙን ይነግራቸዋል። ጥቁር አዝሙዱን ሲያይ "ካሎንጂ" አለ። ነጭ አዝሙዱ "አጅዋይን"፣ አብሹ "ሜቲ"፣ እርዱ "ሃልዲ"፣ ምስሩ "ማሱር" ሆኖ ተገኘ። "ዳሊያ" የሚሉት የተከካ ስንዴ ደግሞ የእኛው ቅንጬ ነው። "ቤሳን" የሚባለው የሽምብራ ዱቄት ጥሬ ስለሆነ በምጣድ አመስ አድርገው ሽሮ አወጡለት። (ጥራጥሬም ለኩላሊት ታማሚ በልክ ነውና መጠኑን ከአመጋገብ ባለሙያዋ ጋር ተነጋግረን ነው።)

የዚያን ቀን እህቴ ጨው የሌለው ቅንጬ በልታ ጨረሰች። እንግሊዝኛዬና ዲግሪዬ ያላመጡትን ያ ትንሽ የላስቲክ ቋጠሮ አመጣው።

🔹 እንግዲህ የእኔ አቋም

እኛ አገር አስታማሚ የሚመረጠው በክብር ነው። ትልቁ ልጅ፣ ቋንቋ የሚያውቀው፣ ገንዘብ ያዋጣው ወይም ውጭ አገር አይቶ የማያውቀው "እግረ መንገዱን ያያል" ተብሎ ይላካል። ይህ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። የአስታማሚ ዋና ሥራ ከሐኪም ጋር መነጋገር አይደለም፤ ለዚያ ብዙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ አላቸው፣ ካልሆነም ስልክ አለ። የአስታማሚ ዋና ሥራ በየቀኑ ገበያ ወጥቶ ትክክለኛውን ነገር ገዝቶ፣ በንጽሕና አብስሎ፣ ታማሚው እንዲበላ ማድረግ ነው። መድኃኒቱን ሰዓት ጠብቆ የሚሰጠውም ይኸው ሰው ነው። በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው።

"ዶክተር፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ወጥ ቤት አያውቅም" ትሉኛላችሁ። እኔም ወንድ ነኝ፤ አላውቅም ነበር። ይለመዳል። ግን የሚለመደው እዚህ እንጂ እዚያ በሕሙሙ ሆድ ላይ መሆን የለበትም።

"አንድ ሰው ለመላክ እንኳን ስንት ተለምኖ ነው፤ መምረጥ ለሀብታም ነው" የሚሉም አሉ። ልክ ነው፤ ገንዘቡ ከባድ ነው። ነገር ግን የሚላከው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ምርጫው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ አይቀርም። በየቀኑ ከምግብ ቤት መግዛትም ከኩሽና ይበልጣል፤ ጨውና ቅመሙን ደግሞ አታዙበትም።

ለንቅለ ተከላ የምትሄዱ በተለይ ይህን ስሙኝ። ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ አስታማሚ አይደለም። እሱም ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ እሱም ይተኛል፤ ለሳምንታትም ከባድ ዕቃ አያነሳም። "ወንድሟ አብሯት አለ" ብላችሁ ሁለቱን ብቻ ከላካችሁ፣ ሁለት ሕሙማን ልካችኋል፤ ውኃ ገዝቶ የሚያመጣላቸው የለም። ሕንድ ለአንድ ታማሚ እስከ ሁለት አስታማሚ የአስታማሚ ቪዛ ትሰጣለች።

ከሁሉ በፊት ደግሞ መሄዱ ራሱ የግድ መሆኑን ጠይቁ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጓል። ሐኪማችሁን "እዚህ የሚቻለው የቱ ነው?" ማለት ነውር አይደለም።

🔹 ከመሄዳችሁ በፊት፦ የልምምድ ሳምንት

ለዚያ ቤተሰብ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይህ ነው። ለእናንተም ይጠቅማል።

1. ተመርጦ የሚሄደው ሰው ለአንድ ሳምንት የታማሚውን ምግብ እዚሁ ይግዛ፣ እዚሁ ያብስል። ስታዲየም ዙሪያ መድኃኒት ፍለጋ ስትዞሩ፣ አንዱን ሰው ወደ ጉሊትና ወደ ሱፐርማርኬት ላኩት። የታሸገ ዕቃ ጀርባውን ያንብብ፤ "ሶዲየም"፣ "ፖታሲየም"፣ "ስኳር" የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደላቸው መለየት ይልመድ።

2. ከሐኪማችሁ "የሚበላ፣ የማይበላ፣ በልክ የሚበላ" የሚል ዝርዝር በወረቀት አጽፉ። በሽታው ሲለያይ ዝርዝሩም ይለያያል፦
✔️ የደከመ ኩላሊት ላለው ሙዝ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ የኮኮናት ውኃና "ሶዲየሙ የቀነሰ" ጨው አደጋ ናቸው። ድንች የግድ ከሆነ ተልጦ፣ ተከታትፎ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ይደፋል። በእስያ ገበያ ሲቆረጥ ኮከብ የሚመስል "ስታር ፍሩት" የሚባል ፍሬ አለ፤ ለኩላሊት ታማሚ መርዝ ነው፣ አንዲት ቁራጭም አትስጡ።
✔️ ንቅለ ተከላ ለተደረገለት ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ እንቁላል፣ ያልፈላ ወተትና የመንገድ ጭማቂ ክልክል ነው። ግሬፕ ፍሩትና ፖሜሎ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርጉ አይገዙም።
✔️ የልብ ቧንቧ በር (ቫልቭ) ተቀይሮለት ዋርፋሪን ለሚወስድ ጎመን አይከለከልም፤ ግን መጠኑ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ይሁን። አንድ ሳምንት ምንም፣ ሌላ ሳምንት በገፍ ሲሆን መድኃኒቱ ይዛባል።

3. ቅመም ትንሽ ትንሽ ቋጥራችሁ ያዙ። ምን ይዞ መግባት እንደሚቻል አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

4. በሕንድ በታሸገ ዕቃ ላይ "ኤም አር ፒ" የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። ከፍተኛው የመሸጫ ዋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ አትክፈሉ። አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ዕቃ ሥጋ የለበትም ማለት ነው፤ ወተትና ቅቤ ግን ሊኖርበት ስለሚችል "ጾም ነው" ብላችሁ አትዘናጉ። ስለ ጾም ራሱ ከሃይማኖት አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

5. አስታማሚውም ሰው ነው። ግፊት ወይም ስኳር ካለበት የራሱን መድኃኒት ለሚቆይበት ጊዜ ያህል ይያዝ። የልጃቸውን መድኃኒት ሰዓት ሳያዛንፉ እየሰጡ የራሳቸውን የሚረሱ እናቶችን አይቻለሁ።

🔹 ስትመለሱ ደግሞ

እህቴ ተነቅሎላት፣ ደህና ሆና ስትመለስ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ሙዙ፣ ብርቱካኑ፣ የታሸገው ጭማቂ በሳጥን ገባ። ጠያቂ በባዶ እጅ አይመጣም፤ ባህላችን ነው፤ ደግም ነው። ያኔ ግን ወንድማችን አንድ ነገር አደረገ። ለሚጠይቀው ሁሉ በስልክ "መምጣታችሁ ይበቃል፤ ካላችሁ ደግሞ የእጅ ሳሙናና የፊት መሸፈኛ አምጡልን" አለ። ማንም አልተቀየመም። ሦስት ወር የሚበቃ ሳሙና ተሰበሰበ።

ያ ቤተሰብ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ልጁ አንድ ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። "ዶክተር፣ ተመልከትልኝ፤ የትኛው ነው ለአባባ የማይሆነው?" አለኝ። ከስምንቱ ዕቃ ሁለቱን ስቷል። አባትየው ከጎኑ ተቀምጠው ነበር። "ሽሮው ግን ትንሽ አርሮ ነበር" አሉኝ።

አርሮ ይሁን። የማሳረሪያው ቦታ እዚህ ነው።

እናንተስ? ሕሙም ይዛችሁ ከአገር የወጣችሁ፣ ገበያው እንዴት ነበር? የተማራችሁትን ከታች ጻፉልን፤ ነገ ለሚሄድ ቤተሰብ ስንቅ ይሆነዋል። ሊሄድ የተዘጋጀ ዘመድ ያላችሁም ይህን አካፍሉት።