«ከዕድሜ ጋር የመጣ ለውጥ»

የኤምአርአይ ውጤት ላይ ሳየው የምበሽቅበት አንድ ሐረግ አለ፦ «ከዕድሜ ጋር የመጣ ለውጥ»። ቤተሰቡ ያነብና እፎይ ይላል። ዕጢ የለም፣ ደም አልፈሰሰም፣ አባባ አርጅተዋል፣ በቃ። ያን ሁሉ ብር የፈጀው ፊልም ቁም ሣጥን አናት ላይ ይወጣል።

ፊልሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው አለው። ፍሌር በሚባለው አነሳስ በአንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጠቁሮ ሲታይ፣ የተጎዳው የአንጎል ነጩ ክፍል በነጭ ቦግ ብሎ ይወጣል። ለዓመታት ችላ የተባለ ደም ግፊት ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ሲያደነድንና ሲያጠብብ ብዙ ጊዜ የሚተወው ምልክት ነው። ከ3 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ጉድጓዶችም ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ባለቤታቸው ሳያውቅ ያለፉ ትንንሽ ስትሮኮች ጠባሳ ናቸው። ሲቲ ስካን እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ጉዳት ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ፍራንዝ ፋዜካስና ባልደረቦቹ ነጩን ምልክት ከ0 እስከ 3 የሚመድብ መለኪያ ያወጡት በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ቁጥር ጽፎ መስጠት ይህን ያህል የሚከብደው ለምን ይሆን?

ችግሩ እንዲህ ያለው ጉዳት በመርሳት ላይጀምር መቻሉ ነው። ዳዊቱን በቃላቸው የሚደግሙ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ የሚጠሩ አዛውንት ባለሱቁ የመለሰላቸውን ብር መቁጠር ያቅታቸዋል። ለጥያቄ መልስ ይዘገይባቸዋል፣ እግራቸውን ይጎትታሉ፣ ይወዱት የነበረው ሁሉ ያስጠላቸዋል። ጎረቤት «ጃጁ» ሲል ልጆቹ «ዳዊት የሚደግም ሰው ምን ሆነ ይባላል?» ይላሉ።

በምስሉ ብቻ መፍረድም አይቻልም። ደህና ውሎ የሚገባ አዛውንት አንጎል ውስጥም ጥቂት ነጭ ነጠብጣብ አይጠፋም፤ ብዛቱ ከሰውየው አዋዋል ጋር መገናዘብ አለበት። ስለዚህ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ኤምአርአይ ይነሳ አልልም፤ ዋጋውን እናውቀዋለን። ከተነሳ ግን ውጤቱ ወደ ግፊት መለኪያው ይምራን።

አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንት የተባለው ጥናት ከ9,300 በላይ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ የአንዱን ወገን የላይኛ ግፊት ከ120 በታች፣ የሌላውን ከ140 በታች ለማድረግ አከመ። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ ከመርሳት በሽታ በፊት የሚመጣው ቀለል ያለ የማሰብ መዳከም በመጀመሪያው ወገን 19 በመቶ ገደማ አነሰ። በኤምአርአይ ከታዩት መካከል ነጩ ምልክት በአራት ዓመት ገደማ በመጀመሪያው ወገን በ0.92፣ በሁለተኛው በ1.45 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ጨመረ። አልቆመም፤ ዘገየ። በራሱ በመርሳት በሽታ ላይ የታየው ልዩነት ግን ለማረጋገጥ አልበቃም፤ ስኳር ያለባቸውና ስትሮክ መትቷቸው የሚያውቁም አልተካተቱም። ከ120 በታች ማውረድ ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ሲነሱ የሚያዞራቸው አዛውንት ወድቀው ሊሰበሩ ይችላሉና።

እኔን የሚያሳስበኝ ግፊቱ ወደ 120ም ወደ 140ም ያልወረደለት ነው። ግፊቱ 170 ሆኖ «ራሴን አላመመኝም» ብሎ ክኒኑን የሚያቋርጠው፣ ራዲዮሎጂስቱም ስለ ነጩ ምልክት አንዲት ቁጥር ሳይጽፍለት የሚሸኘው።