ዝናቡ ምንጃር፣ ጎርፉ ወለንጪቲ

ወለንጪቲ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ሊደርስባት ይችላል። በምንጃር በኩል ከፍታው ላይ የጣለው ዝናብ ቦረቦሩን ይዞ፣ አፈርና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ስለዚህ የአየር ትንበያ የከተማዋን ሰማይ ብቻ ቢነግረን አይበቃም።

ድሬዳዋም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው ያጣችው፣ እንዲሁ ከደጋው በሌሊት በወረደ ደራሽ ውኃ ነው፤ ሕዝቡ በተኛበት። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ያወጣል። ወለንጪቲ የምትገኝበት የቦሰት ወረዳ አስተዳደር ደግሞ ከምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ጋር በስልክ ይገናኝ፤ ላይ ዝናቡ ሲጠና አንድ ሰው ይደውል፤ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይነገር። በቦረቦር ዳር የምትኖር እናት ልጆቿን ይዛ ለመውጣት ጊዜ ማግኘት አለባት። በደለል የተደፈኑ የውኃ መውረጃ ቦዮችም ክረምቱ ሳይገባ ይጠረጉ።